ቁስሉ ለምን ቀረ?

የትንሣኤ ሳምንት አልፎ ዳግም ትንሣኤ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ጌታ ሞትን ድል አድርጎ፣ መቃብር ክፈቱልኝ ሳይል ተነሥቶ፣ በተዘጋ ቤት ገብቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ቆመ። ያ ሥጋ ከእንግዲህ አይራብም፣ አይደክምም፣ አይሞትም። ታዲያ የችንካሩ ቀዳዳና የጎኑ ቁስል ለምን አብረውት ተነሡ? ሕማም በሌለበት አካል ላይ የሕማም ምልክት ምን ይሠራል? ሞትን የሻረ ጌታ አምስት ቁስል መሻር አቅቶት አይደለም። ፈቅዶ ነው የተወው።

በልጅነቴ ዳዊት ስደግም ይህንኑ የኔታን ጠይቄያቸው ነበር። “ቶማስ ዳስሶ እንዲያምን ነው፤ በዳግም ምጽአትም የወጉት ሁሉ እንዲያዩት ነው” አሉኝ። መልሱ የአባቶች መልስ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ሆኖም መልሱ ቁስሉን ምስክር ያደርገዋል እንጂ ስለ ቁስለኛው አካል ፍጹምነት አይነግረኝም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ፍጹም የሆነ ነገር እንከን ሊኖርበት ይችላል?

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ መሐል ሜዳ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አገራችን የበግ አገር ስለሆነ ሙሉ የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ከልጅነታችን የምንማረው ከበግ ነው። ለስለት በግ የሚገዛ ሰው ገበያ መሐል እንዴት እንደሚመርጥ ቆሞ ማየት ነው። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ወገቡን በእጁ ጨብጦ ሥጋውን ይገምታል። ላቱን መዘን ያደርጋል፤ ጆሮው የተቀደደ እንዳይሆን ያገላብጣል፤ በመጨረሻ ገመዱን ላላ አድርጎ ያስኬደዋል። ካነከሰ ዋጋውን እንኳ አይጠይቅም፤ ትቶት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለራሱ ቤት ቢሆን የሚያነክሰውን በግ በቅናሽ ገዝቶ ተደስቶ ይሄድ ነበር። ለእግዚአብሔር ግን አይሆንም።

ይህ ልማድ ከመሬት የበቀለ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት የፋሲካው ጠቦት ነውር የሌለበት፣ ተባዕት፣ የአንድ ዓመት እንዲሆን ታዝዟል። በኦሪት ዘሌዋውያን 21ኛው ምዕራፍ ትእዛዙ ከበጉ አልፎ ወደ ሰው ይሄዳል፤ ከአሮን ዘር የተወለደ ዕውር ወይም አንካሳ፣ እግሩ ወይም እጁ የተሰበረ ሰው መሥዋዕት ለማቅረብ ወደ መሠዊያው አይቀርብም። ነቢዩ ሚልክያስም አንካሳና በሽተኛ እንስሳ ይዘው የሚመጡትን ካህናት አጥብቆ ይገሥጻል። በዚህ ሁሉ ላይ ያደገ ሰው ፍጹም ማለት እንከን የሌለበት ማለት ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። እኔም እንዲሁ ሳስብ ነው ያደግሁት፤ ነገሩን እንደገና እንድመረምር ያደረገኝ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይልቅ የምተዳደርበት ፊዚክስ ነው።

ውጭ አገር የሚማር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራች አንዲት ጥቁር ጠፍጣፋ ሸክላ ከትንሽ ማግኔት ጋር ላከልኝ። ሸክላዋ ሥራዋን የምትሠራው እጅግ ስትቀዘቅዝ ነው። ቅዝቃዜውን ከየት እናመጣለን ብዬ ሳስብ መልሱ እዚያው ወረዳችን ውስጥ ነበረ። ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅለው ባለሙያ የኮርማውን ዘር የሚያቆየው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ከኮንቴይነሩ ትንሽ ቀነሰልኝ። ፈሳሽ ናይትሮጅን በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። መሐል ሜዳ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ሦስት ዲግሪ ያህል ይበልጥ ዝቅ ብሎ ይፈላል። ደጋነታችን ለዚህ ሙከራ ይጠቅማል።

ሸክላዋን በስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ላይ አደረግኋት፤ በላይዋ አጥፌ የደራረብኩትን ወረቀት፣ በወረቀቱም ላይ ማግኔቱን አስቀመጥሁ። ናይትሮጅኑን ሳፈስበት ተንጨረጨረ፣ ጭጋጉ ጠረጴዛውን ሸፈነው። መንጨርጨሩ ሲበርድ ወረቀቱን ቀስ ብዬ ሳብሁት። ማግኔቱ አየር ላይ ቀረ። በጣቴ ገፋ ሳደርገው እንቢ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማግኔቱን ይዤ ወደ ላይ ሳነሣው ሸክላዋ ሳትነካው ከሥሩ ተከትላ ተነሣች። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ “መምህር፣ ምንድን ነው የያዘው?” አለችኝ።

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። አብዛኛው ሰው “ምን አንሳፈፈው?” ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ማንሳፈፉ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ ሲያቀዘቅዘው ለኤሌክትሪክ ፍሰት የነበረው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚያግደው እንቢታ፣ ድንገት ጠፋ። እንዲህ ያለውን ነገር ሱፐርኮንዳክተር እንለዋለን። በ1933 ማይስነርና ኦክሰንፌልድ በርሊን ላይ ሌላ ጠባዩን አዩ፤ ሱፐርኮንዳክተር መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ ገፍቶ ያወጣል። ሸክላዋ መስኩን ሙሉ በሙሉ ብታወጣው ኖሮ ማግኔቱ ተገፍቶ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ይወድቅ ነበር። አልወደቀም። የያዘው መስኩ በከፊል ወደ ውስጥ ስለገባና የገባው ስለታሰረ ነው።

ዩክሬን ውስጥ ካርኮፍ ላይ ሌቭ ሹብኒኮፍ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር የእርሳስ ቅይጦችን ሲመረምር መስኩ ሱፐርኮንዳክተሩን ሳያጠፋው ወደ ውስጡ እንደሚዘልቅ አሳየ። የስታሊን መንግሥት በ1937 ይህን ሰው ረሸነው። እንዴት እንደሚዘልቅ ሒሳቡን ያገኘው አሌክሲ አብሪኮሶፍ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1957፣ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ2003 ነው። መስኩ በአንድነት አይገባም። ተከፋፍሎ፣ እጅግ ቀጫጭን አዙሪቶች ሆኖ ይገባል። በእያንዳንዱ አዙሪት ዙሪያ ኮረንቱ ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ሁሉም የሚሸከሙት የመስክ መጠን እኩል ነው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም አያንስም። አንድ ቴስላ (የመስክ ብርታት መለኪያ ነው) በሆነ መስክ ውስጥ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ 480 ሚሊዮን ያህል አዙሪቶች ይቆማሉ። የእያንዳንዱ እምብርት ተማሪዬ በላከው ዓይነት ሸክላ ውስጥ ስፋቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚያ እምብርት ውስጥ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ሞቷል። ይህችን ነገር አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

እስከ 1986 ድረስ ይህ ሁሉ የሚታየው በአብዛኛው እጅግ ውድ በሆነው የፈሳሽ ሂሊየም ቅዝቃዜ ነበር። በዚያ ዓመት ቤድኖርዝና ሙለር ዙሪክ ላይ አዲስ የመዳብ ኦክሳይድ ቤተሰብ አገኙ፤ በ1987 መጀመሪያ ደግሞ የኢትሪየሙ ሸክላ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን ታወቀ። በናይትሮጅን መሥራት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ የዘርፉ ሰዎች አብዝተው የሚደክሙት በስስ ሽፋን ላይ ነው። ያንኑ ቁስ በሌላ ክሪስታል ወይም በብረት ጥብጣብ ላይ አንድ ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው አድርገው ያነጥፉታል። የሰው ፀጉር ከዚያ ብዙ አሥር እጥፍ ይወፍራል።

በዚህ ሽፋን ላይ ኮረንት ሲለቀቅበት አዙሪቶቹ ይገፋሉ፤ ግፊቱ ወደ ጎን፣ ኮረንቱን አቋርጦ ነው። የሚይዛቸው ነገር ከሌለ ይሄዳሉ። አዙሪት ሲሄድ ደግሞ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ኃይል ወደ ሙቀት ይባክናል፣ ሬዚስታንስ ይመጣል። ባርዲንና ስቲቨን በ1965 መጠኑን አስልተውታል። እንግዲህ ውጤቱን ተመልከቱት። እንከን የሌለበት፣ እያንዳንዱ አተም በየቦታው የተሰለፈበት ክሪስታል ብንሠራ አዙሪቶቹን የሚይዝበት ነገር የለውም። ጥቂት ኮረንት ሲነካቸው ሁሉም ተያይዘው ይንሸራተታሉ። በመስክ ውስጥ ሲቆም ያ እንከን የለሽ ክሪስታል ሬዚስታንስ የሌለው ኮረንት መሸከም አይችልም። የሚችለው እንከን ያለበት ነው።

ይህን መጀመሪያ ያነበብሁት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ገጹን ከድኜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ መቀመጤን አስታውሳለሁ። ስስ ሽፋኖች በናይትሮጅን ቅዝቃዜ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከአንድ ሚሊዮን አምፔር በላይ ይሸከማሉ። የተጣራው ነጠላ ክሪስታል ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚሸከመው። ሽፋኑ የሚበልጠው ሲነጠፍ በውስጡ የአተም መዛነፍ፣ የኦክስጅን ጉድለት፣ ጥቃቅን ስብራት ስለሚበዛበት ነው። ይህ አልበቃ ብሎ ሰዎች ሆን ብለው እንከን መጨመር ጀመሩ። በከባድ አዮን ጨረር እየመቱ ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ ጠባሳ ያበጁበታል። በ2004 ደግሞ ተመራማሪዋ ማክማነስ ድሪስኮልና ባልደረቦቿ ባሪየም ዚርኮኔት የተባለ ባዕድ ነገር በጥቂቱ ሲቀላቅሉበት ሽፋኑ በመስክ ውስጥ የሚሸከመው ኮረንት በብዙ እንደሚጨምር አሳዩ።

አዙሪቱ በእንከኑ ላይ ለምን ይቆማል? ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኋት ነገር እዚህ ትመጣለች። አዙሪት ባለፈበት ሁሉ እምብርቱን የሚያኖርበት ቦታ መግደል አለበት፤ መግደል ደግሞ ኃይል ያስከፍላል። አስቀድሞ የሞተ ቦታ ካገኘ ግን የሚከፍለው ነገር የለም። እዚያ ሲያርፍ አዲስ የሚያቆስለው የለም፤ ቁስሉ ቀድሞ አለ። ስለዚህ ያርፋል፣ አይንቀሳቀስም፣ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ክፍል ኮረንቱን ያለ ኪሳራ ያሳልፋል።

እዚህ ላይ አክስቴን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ77ቱ ድርቅ ሁለት ልጆች ቀብራለች። እኔ ከማውቃት ጀምሮ በመንደራችን ልጅ የሞተባት እናት ካለች ቀድማ የምትደርሰው አክስቴ ናት። አንድ ጊዜ ጎረምሳ ልጇ በወንዝ ሙላት የተወሰደባት ጎረቤታችን ቤት አብሬያት ሄድሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከበዋታል፤ አንዷ “እግዜር ያጥናሽ” ትላለች፣ አንዷ “እሱ የወደደውን ነው የወሰደው” ትላለች፣ ቄሱም ያጽናናሉ። ሴትዮዋ አትሰማም፤ ደረቷን እየደቃች ከወዲያ ወዲህ ትንከራተታለች። ንፍሮ የያዘው ሰፌድ ሳይነካ ቆሟል። አክስቴ ገብታ ባናው ላይ ከጎኗ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። ብዙ አልተናገረችም። “የእኔዎቹም እዚያ ናቸው” አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሴትዮዋ ዞራ አየቻት፣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ መንከራተቷም ቆመ። ልቅሶው አልቆመም፤ መንከራተቱ ነው የቆመው። ሌሎቹ ሴቶች ከአክስቴ ያነሰ ፍቅር የላቸውም። ያ ኀዘን ግን እነሱ ላይ ቢያርፍ አዲስ ሰው ማቁሰል ነበረበት። አክስቴ ዘንድ ቦታው ነበረ።

ይህን ሐሳብ ለአንድ ካህን ወዳጄ ሳጫውታቸው ፊታቸው ጨፈገገ። “መምህር፣ ተጠንቀቅ። ረሀብ ልጆቿን ስለወሰደባት መልካም ሆነ ልትለኝ ነው? ክፉውን ደግ አትበለው” አሉኝ። ተግሣጻቸው ከባድ ነው፤ ትክክልም ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1710 ባሳተመው መጽሐፉ ይህ ዓለም ሊፈጠሩ ከሚችሉት ዓለማት ሁሉ የተሻለው ነው፣ ክፋቱም የዚያ መልካም አጠቃላይ ሥርዓት አካል ነው ሲል ተከራክሯል። እኔ በዚያ መንገድ መሄድ አልፈልግም። የአክስቴን ልጆች መቃብር እያሳየሁ “ይህ ለአጠቃላዩ ይጠቅማል” የምልበት አፍ የለኝም።

ፊዚክሱም እንዲህ እንድል አይፈቅድልኝም። እንከን ሁሉ አይጠቅምም። በ1988 የአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪዎች የዚህ ሸክላ ሁለት ቅንጣቶች የሚገናኙበትን ወሰን መርምረው ነበር። ቅንጣቶቹ አንዱ ከሌላው በጥቂት ዲግሪ ዞሮ ከተጋጠመ በወሰኑ ላይ የሚያልፈው ኮረንት በፍጥነት እየወረደ ይሄዳል። ያ እንከን አይይዝም፤ ይቆርጣል። ሽፋኑ ውስጥ ስንጥቅ ካለ ኮረንቱ ይቋረጣል። ጠቃሚው እንከንም ቢሆን ከበዛ ሱፐርኮንዳክተሩን ራሱን ይገድለዋል። አዙሪት የሚይዘው ስፋቱ ከአዙሪቱ እምብርት ጋር የሚቀራረበው፣ በጤነኛ አካል የተከበበው እንከን ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ሰው ስለ አንድ እንከን ሲጠይቅ “ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?” አይልም፤ “ምን ይይዛል? ምንስ ይቆርጣል?” ይላል። ለእኔ ይህ አጠያየቅ በሃይማኖት ነገርም ያስኬዳል።

ወንጌሉም እንከንን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን ነው፣ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም፤ ምራቁን በአፈር ለውሶ ዓይኑን ቀባውና አበራለት። ዕውርነቱን አላመሰገነም፣ ፈወሰው እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ በሥጋው ላይ ያለው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደለትም፣ ጸጋው ይበቃሃል ተባለ። ጌታ በራሱ ሥጋ ላይ ግን ማንም ሳይለምነው ቁስሉን አስቀረ። አንዱ ተፈወሰ፣ አንዱ ተተወ፣ አንዱ ተመረጠ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሕግ ልጠቅልል ብል አንዱን ማጣመሜ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሐሳቡ ባማረ መጠን የሚረሳ ነገር ነው። አዙሪቱን የሚይዘው እንከን፣ ችንካር እንበለው፣ ለሁልጊዜ አይጸናም። ፊሊፕ አንደርሰን በ1962 እንዳብራራው ሙቀት ባለበት ሁሉ አተሞች ይንቀጠቀጣሉ፤ የታሰረው አዙሪት አልፎ አልፎ ከእንከኑ ዘሎ ያመልጣል። እንዲህ እየዘለለ በዝግታ ይሾልካል። በናይትሮጅን ቅዝቃዜ መሹለኩ በደንብ የሚለካ ነው። በመንቀጥቀጥ ውስጥ ያለ ነገር ግድቡን እንዴት እንደሚዘል የሚያጠናው የፊዚክስ ክፍል በአገራችን ባለቤት አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሙቀት ንዝረት የሚያንቀሳቅሳቸውን ጥቃቅን ሞተሮች ሲመረምሩ ኖረዋል። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው እስር ቤት ውስጥ እስረኞችን ያስተምሩ ነበር፤ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በ2012 የሳካሮፍን ሽልማት የሰጣቸው ለሰብዓዊ መብትና ለትምህርት በከፈሉት ዋጋ ነው። ስማቸውን የማነሣው ለአብነት ብቻ አይደለም። ታስሮ ሳለ ለሌላው መያዣ የሆነ ሰው እንዳለ ለማወቅ ወደ ገድል መጽሐፍ መሄድ አያስፈልገንም።

አክስቴም ከእንዲህ ያለ ልቅሶ በተመለሰች ቁጥር ትታመማለች። ብቻዋን የምትይዘው ከሆነ አትዘልቅም። ላርኪንና ኦፍቺኒኮፍ በ1979 እንዳሳዩት በሽፋኑ ውስጥም አንድ ብርቱ ችንካር ሁሉን አይዝም፤ እያንዳንዳቸው ደካማ የሆኑ እጅግ ብዙ እንከኖች ግን ተባብረው መላውን የአዙሪት ሠራዊት ያቆሙታል። ከዚያ ከጎረቤታችን ልቅሶ በቀጣዩ ቀን አክስቴ አልጋ ላይ ስትውል ከወዲያ ማዶ መንደር ልጅ የቀበሩ ሌሎች ሁለት እናቶች መጥተው በቦታዋ ተቀመጡ።

እናቴን ወገቧን አሟት አዲስ አበባ ወስጄ ኤም.አር.አይ ስትነሣ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ያሰብሁት ይህንኑ የችንካር ነገር ነበር። የዚያ መሣሪያ ማግኔት ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ ነው፤ የኒዮቢየምና የታይታኒየም ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተጠምጥሞ ነው የሚሠራው። አንዴ ኮረንት ከተሞላ ከመብራት ተለይቶ ለዓመታት ይዞራል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይጎድልም። ይህን ጽናት የሰጡት በሽቦው ውስጥ ሆን ተብለው የተተዉ የታይታኒየም ቅንጣቶች ናቸው። ሽቦው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ መስኩ አይጸናም፣ የእናቴም ወገብ አይታይም ነበር። ማሽኑ ውስጥ ተኝታ “በስመ አብ” ስትል ከንፈሯ ይታየኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የምለው የግሌ ሐሳብ ነው፤ ሊቃውንት ቢያርሙኝ እታረማለሁ። የተነሣው ሥጋ ቁስሉን ያስቀረው የእኛ ቁስል የሚያርፍበት ቦታ እንዲኖር ይመስለኛል። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ሊቀ ካህናታችን በድካማችን ሊራራልን የሚችለው እንደ እኛ ስለተፈተነ ነው ይላል። ምንም ያልነካው፣ የተጣራ፣ ለስላሳ ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ኀዘናችን በላዩ ተንሸራትቶ ባለፈ ነበር። ቶማስ ጣቱን ያገባበት ቀዳዳ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። አክስቴ ትደክማለች፣ ታረጃለች፣ ትሞታለች፤ ከእሱ ግን ያረፈበት ኀዘን አይሾልክም። ፍጹምነት ይህ ከሆነ የተሸከመ ሙሉነት ነው እንጂ ያልተነካ ሙሉነት አይደለም። በጉ ነውር የሌለበት የሆነው ሳይቆስል ስለቀረ አይደለም፤ ኃጢአት ስለሌለበት ነው።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ የምጽፈው ለሊቃውንት ክርክር ብዬ አይደለም። ነሐሴ ላይ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ልንመዘግብ ቤት ለቤት ስንዞር አንድ አባት ልጆቹን በስም ቆጠረልን። ጽፈን ልንነሣ ስንል ከጓዳው በር አንድ ልጅ ብቅ አለ። ሁለት እግሮቹ ወደ ውስጥ የዞሩ ናቸው፤ በእጁ ተደግፎ ነው የሚሄደው። “ይሄኛውስ?” አልሁ። አባትየው መሬት መሬት እያየ “እሱ እንኳ… እሱ እንዲሁ ነው” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የልጁ ልብስ ታጥቧል፣ ጸጉሩ ተስተካክሏል፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። የሚወደድ ልጅ ነው። ከቁጥር ግን ወጥቷል።

ይህ ልጅ ለማንም ችንካር ሊሆን አልተፈጠረም። ለሌላው ይጠቅማል ብዬ ተፈላጊነቱን ላስረዳ አልሞክርም፤ የእግዚአብሔር አርአያ መሆኑ ይበቃዋል። ስለ ሽፋኑና ስለ አዙሪቱ የተማርሁት ነገር የሠራልኝ አንድ ሥራ ነው፤ እንከን ያየሁበትን ሁሉ ጎደሎ ብዬ የምጥልበትን ሚዛን ከእጄ አስጥሎኛል። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ጥንታዊ ቀኖናዎችም አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የተጎዳ ሰው የሚገባው ከሆነ ኤጲስ ቆጶስነት እንዳይከለከል ያዝዛሉ፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ እንከን እንጂ የአካል እንከን አይደለም ብለው ምክንያቱን ያስቀምጣሉ። የዘሌዋውያኑን በር የከፈተው የፊዚክስ መምህር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ናት፣ ያውም በጥንት ዘመን።

ስለዚህ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወላጆች ሆይ፣ ልመናዬን ስሙኝ። ሕፃን እግሩ ዞሮ ከተወለደ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በጨቅላነቱ ከተጀመረ በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረለት ቀስ በቀስ የሚቃና ነው። ጌታ የሚፈወሰውን ፈውሷልና የሚታከመውን አሳክሙ። የማይታከመውን ደግሞ ጓዳ አታስቀሩት፤ ቅዳሴ ይዛችሁት ሂዱ፣ ትምህርት ቤት ይዛችሁት ኑ። ዘንድሮም ነሐሴ ላይ ደብተራችንን ይዘን ደጃችሁ እንመጣለን። ልጆቻችሁን ስትቆጥሩልን ሁሉንም ቁጠሩ።